ጠባቂ ያጣ ጠባቂ
«ላምብ» ፊልምና የብቸኛ ልጅ ጓደኛ

በአይከል ዙሪያ ባሉት የጭልጋ መንደሮች ከብት ጠባቂ ሕፃን ውሎውን የሚያሳልፈው ከውሻው ጋር ነው። ጅብ ቢመጣ ቀድሞ የሚጮህ፣ ብርድ በሆነ ጊዜ ጐኑን የሚያሞቅ፣ በቤት ውስጥ ነገር ሲበላሽም ሳይጠይቅ አብሮ የሚቀመጥ እርሱ ነው። የአማርኛ አነጋገር ግን ለዚህ ባለውለታ የሚገባውን አልከፈለም፤ ጠያቂ ያጣ ደም «ደመ ከልብ» ይባላል፤ ለጥቅሙ የሚሟገትም «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እየተባለ ይተረትበታል። እንስሳ የልጅን ሐዘን እንዴት እንደሚሸከም የሚያሳይ የኪነ ጥበብ ሥራ የተፈለገ እንደሆነ፣ ከውሻ ይልቅ በአንድ በግ ላይ የቆመው የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» ሊመረመር ይገባዋል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ባለታሪኩ ኤፍሬም የ9 ዓመት ልጅ ነው። ከቤተ እስራኤል ወገን የነበረች እናቱን ሞት ነጥቆታል፤ አባቱም ድርቅ ካጠቃው ቀዬ አውጥቶ ራቅ ባለ አገር ከሚኖሩ ዘመዶች ቤት ያስጠጋውና ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከቀድሞ ኑሮው የተረፈው ጓደኛ ቹኒ የተባለው በጉ ብቻ ነው። የቤቱ አባወራ ሰሎሞን ግን በጉ ለመጪው በዓል እንዲታረድ ይወስናል።

አዘጋጁ በግን መምረጡ የድርሰቱን ጭብጥ ወስኖታል። ውሻ ልጁን ይጠብቃል፤ በግን ግን ልጁ ይጠብቀዋል። ጠባቂ ያጣው ሕፃን ራሱ ጠባቂ በመሆን ከሐዘኑ ይነሣል። ከዚህም በላይ ውሻ አይታረድም፤ በግ ግን ዋጋ አለው፤ ሥጋውም ለብዙ አፍ ይደርሳል። በመሆኑም የልጁ ፍቅር ከቤተሰቡ ችግር ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል፤ ግጭቱም በክፉና በደግ ሰው መካከል ሳይሆን በፍቅርና በእጦት መካከል ይሆናል። ኤፍሬም ከወንድ አይጠበቅም የሚባለውን የወጥ ቤት ሙያውን ይዞ ሳምቡሳ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ፍቅሩ ከእንባ አልፎ ሥራ ይሆናል። ጋዜጣ አንባቢዋ ጽዮን በአጠገቡ መኖሯም ከተለመደው ኑሮ ጋር የተጣላው እርሱ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ጉድለት አልታጣበትም። ካሜራው የተራራውን ውበት አዘውትሮ ስለሚያደንቅ የገበሬው ልፋት አንዳንድ ጊዜ ከሥዕሉ ጀርባ ይቀራል። የአባትየው የከተማ ኑሮም ከተመልካች ዓይን ውጭ ነው። ቢሆንም ይህኛው መጋረድ ለልጁ ዕይታ ታማኝ ነው፤ ቀርቶ የሚጠብቅ ልጅ የሚያውቀው የሄደውን አባቱን ጀርባ ብቻ ነውና።

የአይከል መምህራን ይህን ታሪክ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚሄዱ ሠራተኞችን ያመላልሳል፤ ከኋላቸውም በአያት ወይም በአጎት ቤት የሚቆዩ ልጆች ይኖራሉ። በክፍል ውስጥ ዝም የሚል ተማሪ ስለ አባቱ ሲጠየቅ አይመልስ ይሆናል፤ ስለ ውሻው ሲጠየቅ ግን አንደበቱ ሊፈታ ይችላል። የአካባቢው ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ከ«ላምብ» የሚማረው ይህን በር ማንኳኳት ነው። ያን ጊዜ የእረኛው ውሻ ከስድብነት ወጥቶ በመድረክ ላይ የሚገባውን ስፍራ ያገኛል።