ሦስተኛው ፒስተንና የትዝታ ቅኝት

የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች የአውሮፓን የተመጠነ (ግማሽ ድምፆቹ ሁሉ እኩል የሆኑ) ቅኝት ይዘው መጥተው ለክራር የተገራውን ጆሯችንን አበላሹት የሚል ክስ አለ። ክሱ ፒያኖን ይመለከት ይሆናል፤ ትራምፔትን ግን ያለ ጥፋቱ ነው የሚያስከስሰው። ባለ ፒስተን መሣሪያ በተፈጥሮው ለዚያ ቅኝት አይገዛም።

ነገሩ የቧንቧ ርዝመት ነው። የቢ ፍላት ትራምፔት ቧንቧ ወደ 148 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። አንደኛው ፒስተን ሲጫን 18፣ ሦስተኛው ሲጫን 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። ለየብቻቸው ልክ ናቸው። አብረው ሲጫኑ ግን ድምፁን አምስት ግማሽ ድምፅ ለማውረድ 49 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያስፈልጋል፤ የሚገኘው 46 ብቻ ነው። በዚህ ጉድለት የተነሳ ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ሽቅብ ያፈነግጣል። ሦስቱም ሲጫኑ ደግሞ ይብሳል። ነፊው የሦስተኛውን ፒስተን ተንሸራታች ቧንቧ በግራ እጁ ጣት ገፋ አድርጎ፣ ከንፈሩንም ላላ አድርጎ ያስተካክለዋል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ብሌይክሊ እ.ኤ.አ. በ1874 ማካካሻ ቧንቧ የሠራው ይህንኑ ለመፍታት ነበር፤ መላው የጠቀመው ግን ይበልጥ ለግዙፎቹ መሣሪያዎች ነው።

አሁን ሜጀር ትዝታን በትራምፔት እንንፋው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በታችኛው መደብ ሬ የሚገኘው አንደኛውንና ሦስተኛውን በመጫን ነውና ሽቅብ ይሄዳል፤ በአንደኛውና በሁለተኛው የሚነፋው ሚም በመጠኑ ይከተለዋል። አንድ ኦክታቭ ከፍ ስንል ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሬ በአንደኛው ፒስተን፣ ሚ ያለ ፒስተን ይነፋሉ፤ ሁለቱም በአምስተኛው ተፈጥሯዊ ድምፅ ላይ ስለሚያርፉ ከፒያኖው ዝቅ ይላሉ። አንዱ ትዝታ ከታች ሌላ፣ ከላይ ሌላ መልክ አለው ማለት ነው። ይህን ስንፍና ብሎ የሚያልፍ ሐያሲ የሰማው በፒያኖ ጆሮ ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ዛር የመጡት መሣሪያዎችም ሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ ልጆችና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የተስፋፋው የባንድ ሙዚቃ ይህን ጠባይ ይዘው ነው የገቡት። ወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ድምፁን ሲያስረግድ፣ ነፊዎቹ የሚከተሉት ኖታውን ብቻ አልነበረም፤ ጆሯቸው ወደ ዘፋኙ ነው። ዜማውን ወደ ዘፋኙ ያስጠጋው ከንፈር እንጂ ወረቀቱ አይደለም።

ድምፁን የሚወስነው ግን የቧንቧው ርዝመትና ከንፈሩ ብቻ አይደለም፤ እንደ ምዕራብ ሸዋ ባለ ደጋ ደግሞ አየሩ አለ። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታው በራሱ ድምፁን አይለውጥም፤ የአየሩ ግፊትና እፍጋት አብረው ስለሚቀንሱ ይጣፋሉ። ወሳኙ ሙቀት ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይወርዳል። በአምቦም ሆነ በጊንጪ የማለዳ ብርድ ሳይሞቅ የተነፋ ትራምፔት ቁልቁል ይቀርና ፀሐይ ሲበረታ ሽቅብ ይወጣል። የክራሩ አውታር በተቃራኒው ሲሞቅ ይላላል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው በሚጫወቱበት ድግስ ክራሩ መቃኘት ያለበት ነፊው ጥቂት ነፍቶ መሣሪያውን ካሞቀ በኋላ ነው፤ ረፋድ ላይም አውታሩን እንደገና መወጠር ግድ ይላል።