«አጣመመ» ከማለታችን በፊት

ከመካከላችሁ በመዘምራን ቡድን ውስጥ ጊታር የሚጫወት ካለ «ዲስቶርሽን» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። የድምፁ ሞገድ መሣሪያው ከሚችለው በላይ ሲጎላ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ጥርት ያለው ድምፅም ይሻክራል። ተጫዋቹ ይህን አስቦና ወዶ ያደርገዋል፤ የሚወቅሰውም የለም። ይኸው ቃል ወደ መጽሐፍ ግምገማ ወይም ወደ ስብከት ሲመጣ ግን ክስ ይሆናል። «ደራሲው ታሪኩን አዛብቷል»፣ «ሰባኪው ቃሉን አጣምሟል» እንላለን። ዛሬ «ዲስቶርት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስና ዘመዶቹን አብረን እንድንመረምር የጋበዝኋችሁ ለዚህ ነው። ክስ የተሸከመ ቃል በጥንቃቄ ካልተመረጠ እሱ ራሱ እውነትን ያዛባልና።

ግሱ የመጣው ከላቲን ነው፤ በውስጡ ያለው ሥር «መጠምዘዝ» ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለማሰቃየት የሚጠቀምበት «ቶርቸር» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እንግዲህ በጥንቱ ሥዕል የምናየው ከመገጣጠሚያው የተጠመዘዘ እጅና እግር ነው። በዛሬው አነጋገር ግን ቃሉ የሚነግረን ቅርጹ መለወጡን ብቻ እንጂ የለወጠው ሰው ተንኮለኛ መሆኑን አይደለም። መርካተር በ1569 ያወጣውን የዓለም ካርታ አስቡ። በዚያ አሣሣል ግሪንላንድ የአፍሪካን ያህል ሰፍታ ትታያለች፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። ካርታው ስፋትን አዛብቷል፤ መርካተር ግን አልዋሸም። መርከበኞች አቅጣጫቸውን በቀጥታ መስመር እንዲከተሉ ሲል ስፋቱን ሠዋው። ስለዚህ «ተዛብቷል» ማለትና «ዋሽቷል» ማለት ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው።

አሁን ወደ አዲስ ኪዳን እንሂድ። ሦስት ቦታዎችን ጎን ለጎን አንብቡ፦ 2ኛ ጴጥሮስ 3፥16፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 4፥2 እና ገላትያ 1፥7። በግሪኩ በእያንዳንዳቸው የተቀመጠው ግስ የተለያየ ነው። ጴጥሮስ የተጠቀመበት ሰውን በማሰቃያ መሣሪያ ላይ ለመወጠርና ለመጠምዘዝ የሚነገር ግስ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የመረጠው ደግሞ ወይንን ከሌላ ነገር ጋር ለመበረዝም ይነገር የነበረ ነው። በገላትያ ያለው መገልበጥን፣ አንድን ነገር ወደ ተቃራኒው መለወጥን ያሳያል፤ በሐዋርያት ሥራ 2፥20 ፀሐይ ወደ ጨለማ እንደምትለወጥ የተነገረው በዚሁ ግስ ነው።

የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች እነዚህን ሦስቱን እንዴት እንዳስተናገዷቸው ማየት ያስተምራል። «ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን» በጴጥሮስም በቆሮንቶስም «ዲስቶርት» ይላል፤ መጠምዘዙና መበረዙ በአንድ ቃል ተጠቀለሉ። «ኢንግሊሽ ስታንዳርድ ቨርዥን» ለጴጥሮስ «ትዊስት» ብሎ «ዲስቶርት»ን ለገላትያ አቆየው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም ግን በገላትያ «ፐርቨርት» የሚል ጠንከር ያለ ቃል አኑሯል። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን በጴጥሮስና በገላትያ «ማጣመም»ን፣ በቆሮንቶስ ግን «መቀላቀል»ን ይጠቀማል። በእኔ ግምት በቆሮንቶሱ ላይ የእኛው ትርጉም ሥዕሉን የተሻለ ጠብቆታል፤ ወይን ሲበረዝ ይታየናል። በገላትያ ደግሞ «መገልበጥ» ቢባል የነገሩ ክብደት ይበልጥ በወጣ ነበር። የጠመመ እንጨት ሊቃና ይችላል፤ ጳውሎስ የሚናገረው ግን ወንጌል መሆኑ ስለቀረ ነገር ነው።

ከግሱ ዘመዶች አንድ ልጨምር፦ «ጋርብል»። ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ ነገሩም ወንፊት። የቅመም ነጋዴዎች ገለባውንና ቆሻሻውን ከቅመሙ ለመለየት ሲነፉ ይነገር ነበር። ቆይቶ ቃሉ የሚፈልጉትን ብቻ መርጦ ሌላውን በመጣል ሰውን ማሳሳት ማለት ሆነ፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚነገረው ለተዘበራረቀ ንግግር ነው። ለመካከለኛው ትርጉም አማርኛችን «ቆንጽሎ ማቅረብ» የሚል ግሩም አነጋገር አለው። ምሳሌውን በማቴዎስ 4፥6 ታገኙታላችሁ። ፈታኙ ከመዝሙር 91 ሲጠቅስ አንድም የውሸት ቃል አልጨመረም። መላእክት ሰውን በመንገዱ ሁሉ እንደሚጠብቁት የሚናገረውን ክፍል ግን ዘለለው፤ ከመቅደስ ጫፍ መዝለል የታመነ ሰው መንገድ አይደለምና ያ ሐረግ ለፈታኙ አይመቸውም ነበር። እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ጥቅሱ በሙሉ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ የመጽሐፍ ሂስ ልትጽፉ ብዕር ስታነሡ «ደራሲው አዛብቷል» ብላችሁ አትለፉ። ምን እንዳደረገ ለዩ። የሰውን ሐሳብ ካልታሰበለት አቅጣጫ ጠመዘዘ? ባዕድ ነገር በረዘበት? ቆንጽሎ አቀረበ? ወይስ ፈጽሞ ገለበጠው? ወይስ እንደ ካርታው ሠሪ ለአንድ ዓላማ ሲል ሌላውን ሠዋ? እያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ ማስረጃ ይፈልጋል። ቆንጽሏል ካላችሁ የተቆረጠውን ክፍል ከገጹ ጋር አሳዩ፤ በርዟል ካላችሁ ባዕዱ ነገር ከየት እንደመጣ ጠቁሙ። ማሳየት ካልቻላችሁ «አልተስማማሁም» ማለት ይበቃል፤ ሐቀኛም ነው። የደራሲውን ሐሳብ በራሳችሁ ቃል ስታስቀምጡም፣ እሱ ቢያነበው «አዎ፣ ያልሁት ይህንን ነው» የሚል መሆኑን ጠይቁ። ያን የማያልፍ ሂስ ራሱ ከአዛቢዎቹ ወገን ነው።

ይህ ለጽሑፍ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን «ቃሉን ያጣምማል» የተባለ ወንድም ወይም እኅት ስም በቀላሉ አይታደስም። የሐዋርያት ሥራ 18 ስለ አጵሎስ ይነግረናል፦ ንግግር አዋቂ ነበር፣ መጻሕፍትን ያውቅ ነበር፣ ስለ ኢየሱስም በትክክል ያስተምር ነበር፤ ነገር ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ትምህርቱ ጎደሎ ነበር እንጂ ጠማማ አልነበረም። ጵርስቅላና አቂላ ይህን ለዩ፤ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት። ጳውሎስ በገላትያ ወንጌልን በሚገለብጡት ላይ የተናገረው ከባድ ቃል ለአጵሎስ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ፣ በአካይያ ያሉትን አማኞች እጅግ የረዳ አንድ አገልጋይ ሊሰበር ይችል ነበር። ለጎደለው መሙላት፣ ለተገለበጠው መገሠጽ ይገባል፤ የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ግን ትክክለኛውን ቃል ፈልገን ስናገኝ ነው።