ሩብ ኢንች አበባ

ነሐሴ ካጋመሰ በኋላ እትዬ ቤት ቡና የሚጠራ ሰው ስኒውን ከእጁ አያወርድም፤ ማስቀመጫ የለማ። የምግብ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ወረቀት ለብሷል፣ ወንበሮቹ ላይ ካርድ ተሰጥቷል፣ የመስኮቱ ደፍ እንኳ ሙጫው እስኪይዝ በሚጠብቁ አበቦች ተይዟል። እትዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ሌሊት ሆስፒታል ታድራለች፤ ቀን ከእንቅልፏ የሰረቀችውን ሰዓት ለእንቁጣጣሽ ካርድ ትሰጠዋለች።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በእጅ የሚዞር ማሽን አለ። ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ አይቶም «ታዲያ ማሽኑ ከሠራው አንቺ ምኑን ሠራሽው?» ይላል። ለመናገር ባልደፍርም እኔም በሆዴ እንደዚያው ብዬ ነበር። ለማለት ግን መብቱ አልነበረኝም። ልጅ ሆኜ የመስከረም አንድ ስዕል ለጎረቤት ሳዞር አንዱን መልአክና ሁለት አበባ በካርቦን ወረቀት እየገለበጥኩ ነበር ሃያ ቤት የማዳርሰው። ሃያኛው መልአክ ዓይን አልነበረውም። ሳንቲሙን ግን አልከለከሉኝም።

ማሽኑ የሚሠራውን ተቀምጬ አየሁት። አበባው የሚቆረጥበት ዳይ የሚባለው ስስ ብረት ነው፤ ብስኩት ከሚቆረጥበት ቅርጽ ጋር አንድ ዘር ሆኖ ጠርዙ ግን ከጥፍር የቀጠነ ስለት ነው። ወረቀቱ ከታች፣ ዳዩ ስለቱን ወደ ወረቀቱ ደፍቶ ከላይ፣ ሁለቱም በሁለት የፕላስቲክ ሰሌዳ መሐል ተጣብቀው በማሽኑ ሮለሮች መካከል ያልፋሉ። እጀታው ሲዞር ሰሌዳው ሲጢጥ ይላል፤ ያን ድምፅ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ተሰበረ ብሎ ይደነግጣል። ሰሌዳው አንዴ ከተሞሸለቀ ስለቱ መሐል ላይ አይደርስም፤ አበባው ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ ወገቡ እንደተያያዘ ይወጣል። ያኔ እትዬ እልህ ይዟት ከእጀታው ጋር አትታገልም፤ አንዲት ተራ ወረቀት አጥፋ እዚያው የሳሳው ቦታ ትወሽቅና ደግማ ታሳልፈዋለች።

ከማሽኑ የሚወጣው አበባ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙት ነው። ጠፍጣፋ፣ ቢጫ፣ እንደ ፋብሪካ ምልክት። ሱቅ ውስጥ የአደይ ዳይ አይገኝም፤ ጽጌረዳው፣ ዴዚው፣ የፈረንጅ ገናው ቀይ አበባ ነው የሞላው። እሷ ስምንት ቅጠል ያለውን ዴዚ ትገዛና አደይ እንዲሆን ታስገድደዋለች። ሥራው ከዚህ ይጀምራል።

አበባውን ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ታጋድመዋለች። ጫፏ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ ድቡልቡል ያለች ዘንግ ይዛ እያንዳንዱን ቅጠል ከጫፉ ወደ ሥሩ ሁለት ጊዜ ታሸዋለች፤ ወረቀቱ ሳይቀደድ ይጎደጉድና ቅጠሉ ቀና ይላል። ስምንቱን እኩል ብታሽ አበባው ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ስለዚህ አምስቱን ታነሣለች፣ ሁለቱን በከፊል ትተዋለች፣ አንዱን ገልብጣ ወደ ታች ታጥፈዋለች። የትኛው እንደሚታጠፍ ከካርድ ካርድ ይለያያል። አርባ ካርድ ደርድሬ አንድ ዓይነት ጥንድ ፈለግኩ፤ አጣሁ።

ቅጠሎቹ ሥር ብርቱካንማ ቀለም አለ። በቁራሽ ስፖንጅ ነው የምትቀባው፣ ያውም ስፖንጁን መጀመሪያ አሮጌ ወረቀት ላይ አራግፋ፤ ቀለሙ የት እንደጀመረ ዓይን እንዳያውቅ። ከዚያ ግልጽ በሆነ ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ማህተም አንስታ ቀጫጭን መስመሮች ታትምበታለች። ማህተሙ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከላይ ሆና የሚያርፍበትን ታያለች፤ መስመሩ ከቅጠሉ ወገብ ዝንፍ አይልም።

እኔን ያስደነቀኝ ግን መሐሉ ነው። አደይ ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት፤ መሐሏ ላይ ፍርፋሪ የሚመስለው እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ደቃቅ አበባ ነው። እትዬ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም፣ አይታው ነው። ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ በመቀስ እንደ ነጠላ ዘርፍ ጥርስ በጥርስ ትተለትልና በመርፌ ላይ ትጠቀልለዋለች፤ ስትለቀው ይከፈታል። ለአንዱ መሐል አራት ደቂቃ ፈጀባት፤ ሰዓት ይዤ ነበር።

የጽሑፉ ማህተም ሌላ ጣጣ አለው። በኛ ፊደል የተቀረጸ ማህተም ገዝታ ስለማታገኝ ለስላሳ ጎማ በቢላ ትፈለፍላለች፣ ያውም ገልብጣ። መጀመሪያ ዓመት ሳትገለብጥ «አበባ» ብላ ቀርጻ ስታትም ባ እግሯን ቀይራ ቦ ሆነችና ፊት ላይ ተገተረች። በ ብቻ፣ ሁለት እግሯ እኩል ስለሆነ፣ ምንም አልሆነችም። ያቺን ጎማ አልጣለቻትም፤ ከአራቱ ወንጌላውያን ማህተም ጋር በአንድ ቆርቆሮ አኑራታለች። አራቱ ስሞች በዙር ስለሚመጡ አንዴ ከተቀረጹ ዕድሜ ልክ ያገለግላሉ፤ ለ2018 ዓ.ም. «ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ» ብላለች። የማርቆስ ር ጭንቅላቷ ትንሽ ተቆርሷል። ቢላው አመለጣት። አላረመችውም፤ እኔም ባታርመው እወዳለሁ።

ማሽንና እጅን ለማጣላት የሚፈልግ ሰው በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለገበያ የወጣውን የገና ካርድ ያስብ። ሄንሪ ኮል አዝዞት ጆን ካልኮት ሆርስሊ የሣለው ነው። ወደ አንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ መስመሩ ከማተሚያ ወጣ፣ ቀለሙ ግን በእጅ ተቀባ። የአንዱ ዋጋ አንድ ሺሊንግ ነበር፤ ለዘመኑ ውድ ነበር። እትዬ ታሪኩን ነግሬያት «የቀቡት ሰዎች ስማቸው የታለ?» ብቻ አለችኝ።

ካርዱ ራሱ ወፍራም ነጭ ወረቀት ነው። ወረቀትም እንደ እንጨት ጅማት አለው፤ በጅማቱ ብታጥፈው ይታዘዛል፣ ጅማቱን አቋርጠህ ብታጥፈው ጀርባው ይሰነጠቃል። እትዬ ጫፉን ይዛ ወዲህ ወዲያ ለመጥ ታደርገውና በቀላሉ የለመጠበትን አቅጣጫ በእርሳስ ነጥብ ትለየዋለች። አበባው በቀጥታ አይለጠፍም። ባለ ሁለት ፊት የስፖንጅ ፕላስተር ከሥሩ ይገባል፤ አበባው ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ጥላ ይጥላል። ጠዋት በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ስትገባ ጥላው ረዝሞ ከታች የታተመውን አረንጓዴ ግንድ ይነካል። ግንዱን ወደ ግራ ያዘነበለችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የጥላው ወሰን ፖስታ ቤት ነው። የአሜሪካ ፖስታ ከሩብ ኢንች የወፈረውን በተራ ደብዳቤ ዋጋ አይቀበልም። እትዬ ከካርቶን ላይ ልክ ሩብ ኢንች ስንጥቅ አውጥታ በሩ አጠገብ ሰቅላዋለች፤ ያለቀ ካርድ ሁሉ ከነፖስታው በዚያ ያልፋል። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ አልፋ አልፋ መሐሏ ላይ ያዛት።

«እትዬ፣ በአውራ ጣትሽ ጫን ብትያት ታልፍ የለ?»

«ታልፋለች። ከዚያ በኋላ ግን ተነሺ ብትላት አትነሣም፣ ልጄ።»

መልሳ አወጣቻት፣ ከፖስታው ላይ የአትላንታውን አድራሻ ሰረዘችና አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬደውን የጎረቤት ስም ጻፈችበት።