ጓርኒሲዮን ሲፋቅ

የሞተር ቴስታታ ከብሎኩ ላይ በተነሣ ጊዜ፥ በሁለቱ መካከል ለብዙ ዘመን ተጨምቆ የኖረው ጓርኒሲዮን ከፊሉ በላይኛው፥ ከፊሉም በታችኛው ፊት ላይ ተጣብቆ ይቀራልና፥ ይህን ቅሪት መፋቅ በየጋራዡ እንደ ንዑስ ሥራ ተቈጥሮ ለተለማማጅ ልጅ ይጣላል። እኔ በዚህ ልማድ አልስማማም፤ እሳቱን፥ ውሃውንና ዘይቱን በየመንገዳቸው ለይቶ የሚጠብቅ ያ ስስ ንጣፍ ነውና፥ ማረፊያውን የሚያሰናዳው እጅ የታመነ ሊሆን ይገባዋል።

ይህንንም የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። በወጣትነቴ፥ ባለመኪናው ደጅ ቆሞ ሲያጣድፈኝ፥ የአሉሚኒየም ቴስታታ በአሮጌ ካቻቢቴ ፋቅሁ፤ አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ መሆኑን አፌ ያውቅ ነበር፥ እጄ ግን ገና አላወቀም። ከውሃው ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ጠጕር የመሰለች ጭረት ቀረች፤ አዲሱ ጓርኒሲዮን ይሸፍናታል ብዬ ዝም አልሁ። ወር ሳይሞላ መኪናይቱ በዚያችው ጭረት ውሃ እያነባች ተመለሰች። ያን ጊዜ የኔታ ትዝ አሉኝ፤ ከብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በካራ ሲያነሡ፥ ቀለሙ እንጂ ቆዳው እንዳይነካ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

ዛሬ አስቀድሜ ሲሊንደሮቹንና የዘይቱን መተላለፊያ በንጹሕ ጨርቅ እወትፋለሁ፤ አሮጌ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል፥ አቧራው እንዳይነሣ አርሼ፥ ለአሉሚኒየም የነሐስ ወይም የፕላስቲክ መፋቂያ ይዤ፥ ስለቱን ወደ ብረቱ አስተኝቼ እገፋለሁ። በሞተር የሚሽከረከረውን የብርጭቆ ወረቀት ግን ከጋራዤ አስወጥቻለሁ፤ ሥራውን በደቂቃ ይጨርሳል፥ ነገር ግን የሚረግፈው አሸዋ ከዘይቱ ጋር ዞሮ ብሮንዚኑን ይበላዋል፥ ለስላሳውንም ፊት ሳይታወቅ ያጐደጕዳል። በቡሎን ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ዘይትም ቡሎኑ ሲጠብቅ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላልና፥ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አደርቃለሁ።

በመጨረሻ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድሜ፥ 0.05 ሚሊሜትር የሆነችውን የልኬት ምላስ ከሥሩ ለማሳለፍ እሞክራለሁ። ከርሷ ይልቅ ግን ጥፍሬን አምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ተለማማጁ «ጋሼ፥ አልቋል» አለኝ። የቴስታታው ፊት እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ዓይኑን አስጨፍኜ ጥፍሩን በቀስታ አስጐተትሁት፤ ከሦስተኛው ቡሎን አጠገብ ሲደርስ እጁ ቆመ። ምንም ሳይናገር ነሐሱን መልሶ አነሣ።