የገልባጭ ጸሐፊ ደመወዝ፤ በጎጎል «ካፖርት» ላይ የቀረበ ሒስ

የሩሲያው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል በ1842 ያሳተመውን «ካፖርት» የተባለውን አጭር ልብ ወለድ ታሪክ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ርኅራኄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሴንት ፒተርስቡርግ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት እየገለበጠ የሚኖር አካኪ አካኪየቪች የሚባል ምስኪን ጸሐፊ ብርድ ቢጸናበት በስንት ጭንቅ አዲስ ካፖርት ያሰፋል፤ ለብሶት በወጣበት በመጀመሪያው ቀን ማታ ወንበዴዎች ይገፍፉታል፤ ለአንድ ትልቅ ሹም አቤት ቢል ተግሣጽ አትርፎ ይመለሳል፤ ብርድም መትቶት ይሞታል። ስለዚህ ድርሰት የሚጻፈው ሒስ አብዛኛውን ጊዜ የደራሲውን ርኅራኄ ያወድሳል። በተለይም አንድ ወጣት ባልደረባ በአካኪ ላይ ከሚቀልዱት ጋር ሲቀልድ ቆይቶ፣ ይህ የተናቀ ሰው ወንድሙ መሆኑ ድንገት የተሰማውን ክፍል የማይጠቅስ የለም።

እኛ ግን ርኅራኄው ሒሳቡን ሸፍኖታል እንላለን። «ካፖርት» ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ደመወዝ፣ እንዲሁም መወጣጫ ስለሌለው ሥራ የተጻፈ ታሪክ ነው። ደራሲው ራሱ በወጣትነቱ በ1830 አካባቢ በዚያችው ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥቂት ጊዜ በጸሐፊነት ስለ ሠራ ነገሩን ከሩቅ ሰምቶ አልጻፈውም፤ ቁጥሩንም አንድ በአንድ አስቀምጦልናል።

የአካኪ ደመወዝ በዓመት 400 ሩብል ያህል ነው፤ ይህም በወር 33 ሩብል ከጥቂት ኮፔክ መሆኑ ነው። ልብስ ሰፊው ፔትሮቪች አሮጌው ካፖርት ከእንግዲህ እራፊ እንኳ አይዝም ብሎ ለአዲሱ 150 ሩብል ይጠራበታል፤ የአራት ወር ተኩል ደመወዝ ማለት ነው። አካኪ ሰውየው ዋጋ መስቀል እንደሚወድ ያውቃልና በ80 ሩብል እንደሚሠራለት ይገምታል። ይህም ቢሆን ከሁለት ወር ደመወዝ ይበልጣል። ግማሹን፣ ማለት 40 ሩብሉን፣ ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ ሩብል ላይ ሽርፍራፊ ሳንቲም እየቀነሰ በተቆለፈች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ለዓመታት አጠራቅሞታል። ለቀረው ገንዘብ ሲል ግን የማታ ሻዩን ይተዋል፤ ሻማ አያበራም፤ የጫማው ሶል ቶሎ እንዳያልቅ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ በእግሩ ጣት እየረገጠ ይሄዳል፤ ሸሚዙ እንዳይነትብ ለአጣቢ የሚሰጠው ከስንት አንድ ቀን ነው። በመጨረሻም ለበዓል የሚሰጠው ጉርሻ ከተጠበቀው ከ40 ወይም ከ45 ሩብል ወጥቶ 60 ሆነለትና ነገሩ ፈጠነ። ስፌቱ 12 ሩብል ተከፈለ፤ ለአንገትጌው የታሰበው ጠጉር ውድ ቢሆንበት በምትኩ የድመት ቆዳ ተገዛ።

ይህን ገጽ በችኰላ ማለፍ አይገባም። ያለ ካፖርት በፒተርስቡርግ ክረምት ከቤት ወደ ቢሮ መድረስ አይቻልም፤ እንግዲህ ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ልብስ ሥራው አይገዛለትም። ጐደሎውን የሞላው የአለቃው ጉርሻ ነው፤ ጉርሻው ለምን በ20 ሩብል እንደ ጨመረ ግን ጎጎል ራሱ በማሾፍ ያልፈዋል፤ አለቃው የካፖርቱን ነገር ልቡ ነግሮት ይሁን ወይም እንዲያው ሆኖ አይታወቅም ይለናል። 20 ሩብል የ18 ቀን ደመወዝ ነው። አንድ ሰው ብርዱን መትረፉና አለመትረፉ በአለቃው የዕለት ጠባይ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ይህ የደግነት ታሪክ ሊባል አይችልም።

ደመወዙ ቢያንስ እንኳ ወደፊት ዕድገት አለው ወይ? ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 ባወጣው የማዕረግ ሠንጠረዥ መሠረት የሩሲያ የመንግሥት አገልግሎት በ14 ደረጃ የተከፈለ ነበር። አካኪ 9ኛው ላይ ነው። ታሪኩ በታተመበት ዘመን 8ኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ መኳንንትነት ያገኝ ስለ ነበረ (ይህ ሕግ በ1845 ተጠበቀ)፣ ከ9ኛ ወደ 8ኛ መሻገር እንደ ሌላው ደረጃ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ሰው እዚያው 9ኛው ላይ ቀርቶ ያረጅ ነበር። የማዕረጉ ስም ሲጠራ ግን ይከብዳል፤ ቲቱላር አማካሪ ይባላል፤ አካኪን የሚያማክረው ሰው ግን አናገኝም።

ይህ የስምና የኑሮ አለመገጣጠም ለእኛ ቋንቋም እንግዳ አይደለም። «ጸሐፊ» የሚለው አንድ ቃል በብራና ላይ ሲደግፍ የሚውለውን ቁም ጸሐፊም፣ በቢሮ ደብዳቤ የሚያረቅቀውንም ይሸፍናል፤ «ጸሐፌ ትእዛዝ» ሲሆን ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ገብረ ሥላሴ፣ በኋላም ከ1961 እስከ 1974 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ የተጠሩበት ከፍተኛ ማዕረግ ነው። በቃሉ ታችና ላይ መካከል ግን መሰላል የለም። በመዝገብ ቤት የሚሠራው ሰው ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ያውቃል፤ ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ሲገኝ ግን ምስጋናው ለጉዳዩ ፈጻሚ ይሆናል። ይህን እውቀቱን የትኛው የደረጃ ሠንጠረዥ ይቈጥርለታል?

አሁን ወደ ድርሰቱ ዋና ክርክር እንመለስ። አንድ ቀና አለቃ አካኪን ለረጅም አገልግሎቱ ሊክሰው አስቦ ከመገልበጥ ከፍ ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ሥራው ከተዘጋጀ ወረቀት ላይ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ማውጣት ነው፤ የሚለወጠውም ርእሱና ጥቂት ግሶች ብቻ ናቸው፤ «እኔ» የሚለውን «እርሱ» ማድረግ። አካኪ ላብ በላብ ይሆናል፤ ግንባሩን ይጠርግና የሚገለበጥ እንዲሰጡት ይለምናል። ከዚያ ወዲያ ለዘለዓለም ገልባጭ ሆኖ ቀረ። አንባቢ እዚህ ላይ ይሥቃል፤ ሥቆም «ዕድል ተሰጥቶት ነበር፤ ያልተጠቀመበት ራሱ ነው» ብሎ በልቡ ይፈርዳል።

በእኛ አስተያየት ጎጎል በመላው ታሪክ ውስጥ በአካኪ ላይ ያደላው በዚህ ስፍራ ብቻ ነው። ፈተናው የመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ያስተማረው የለም፤ ቢሳካለት ደመወዙ በስንት እንደሚጨምር የነገረው የለም። ከዚህም በላይ ይህ ሰው ለዓመታት ሲከፈለው የኖረው አንዲት ፊደል እንዳይለውጥ ነው፤ አለቆች ሲለዋወጡ እርሱ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሥራ ሲታይ ኖሯል። በአንድ ጠዋት «ለውጥ» ቢባል እጁ ቢንቀጠቀጥ ምን ያስደንቃል? በርግጥ ጎጎል የሚያሥቅ ሰው እንጂ የደመወዝ ዘገባ አልጻፈም ሊባል ይችላል። አካኪ ሥራውን ይወደው እንደ ነበረ፣ የሚያፈቅራቸው ፊደላት እንደ ነበሩት፣ ቤቱም ወስዶ ለራሱ ደስታ ይገለብጥ እንደ ነበረ ደራሲው ጽፎልናል፤ ከድርሰቱ ሁሉ ይህን የሚያህል የተዋበ ክፍልም የለም። ነገር ግን ፍቅሩ ለመሥሪያ ቤቱ በነፃ የተሰጠ ትርፍ ነው።

የጎጎልን አድልዎ ግልጥ የሚያደርገው የአሜሪካዊው የኸርማን ሜልቪል «ባርትልቢ» ነው። ይህ ታሪክ በ1853 የታተመ ሲሆን የኒውዮርክ ጠበቃ ስለሚያሠራቸው ገልባጮች ይናገራል። ክፍያቸው በወር ሳይሆን በቃል ቁጥር ነው፤ ለአንድ መቶ ቃል አራት ሳንቲም። ግልባጩን ከዋናው ጋር ቃል በቃል ማመሳከርም ግዴታቸው ነው፤ ለዚህ የተለየ ክፍያ ስለ መኖሩ ግን አይነገርም። ባርትልቢም በትሕትና እንቢ ማለት የጀመረው በማመሳከሩ ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከባልደረቦቹ አንዱ 60 ዓመት የተጠጋው ሲሆን ልብሱ በቅባት የጠቈረ ነው፤ ጠበቃው አዘነለትና የራሱን ካፖርት ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ጠገበብኝ ብሎ ያማዋል። (እዚህም ካፖርቱ ከደመወዝ ሳይሆን ከአለቃ እጅ መምጣቱን አንባቢ ይመለከቷል።) ሁለተኛው ጸሐፊ ወጣት ነው፤ መገልበጥ ሰልችቶት ሕጋዊ ወረቀት ራሱ ማርቀቅ ያምረዋል። ጠበቃው ይህን ምኞቱን እንደ በሽታ ይቈጥርበታል። እንግዲህ በፒተርስቡርግ ማርቀቅን የፈራ ገልባጭ ተሣቀበት፤ በኒውዮርክ ማርቀቅን የተመኘ ገልባጭ ተወቀሰ። ሁለቱን ጐን ለጐን ያነበበ ሰው ጉድለቱን በጸሐፊዎቹ ጠባይ ውስጥ መፈለግ ይተዋል።

በሥራ መጽናት በኩልም ሜልቪል የተሻለ ተስፋ አይሰጥም። ባርትልቢ ቀድሞ በዋሽንግተን ባለቤት ያጡ ደብዳቤዎች በሚቃጠሉበት ክፍል ዝቅተኛ ጸሐፊ እንደ ነበረና አስተዳደር ሲለወጥ እንደ ተባረረ በወሬ ደረጃ ይነገራል። ይህ ተረት አልነበረም፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኛን በችሎታ ፈተና መቅጠር እንዲጀምር ያደረገው የፔንድልተን ሕግ የወጣው ከ30 ዓመት በኋላ በ1883 ነው። ሜልቪልም ራሱ ከ1866 ጀምሮ 19 ዓመት በኒውዮርክ ጉምሩክ በተቈጣጣሪነት እንጀራውን በልቷል።

ስለ ቻርልስ ዲክንስ ብዙ አንናገርም። በ1843 በታተመው የገና ታሪኩ ውስጥ የሚገኘው ቦብ ክራቺት በሳምንት 15 ሺሊንግ ይከፈለዋል፤ ጭማሪ ያገኘውም ጌታው ሌሊቱን በመናፍስት ከተገሠጸ በኋላ ነው። የዲክንስ አባት በባሕር ኃይል ደመወዝ ከፋይ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሳለ በ1824 በዕዳ መታሰሩን ለሚያውቅ ሰው፣ መናፍስትን ከመጥራት የበለጠ ነገር ከልጁ መጠበቅ ይገባው ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ በእንግሊዝ አገር የወጣው የኖርዝኮትና የትሬቬልያን ዘገባ የመንግሥትን ሥራ የአእምሮና የእጅ ብሎ እንዲለይ መከረ፤ በዚህ አከፋፈል ገልባጩ በእጅ ሥራ በኩል ቀረ። በአካኪ ቢሮ በአንድ አለቃ ፈተና የሆነው ነገር በለንደን ሥርዓት ሆነ ማለት ነው።

ጎጎል አድልዎውን የሚክሰው በታሪኩ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ተቺዎች ግን ይህን ክፍል ዘለው ወደ አካኪ መንፈስ ወሬ ይሮጣሉ። አካኪ ከሞተ በኋላ ቢሮው ተላላኪ ልኮ ያስፈልገዋል፤ ተላላኪው ተመልሶ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ መሆኑን ይናገራል። የተወው ንብረት አንድ እስር የላባ ብዕር፣ ጥቂት የመሥሪያ ቤት ነጭ ወረቀት፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ፣ ሁለት ሦስት ቍልፍና አሮጌው ካፖርት ነው። በማግሥቱ በወንበሩ ላይ ሌላ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ ቁመቱ ከአካኪ ይረዝማል፤ ፊደሉንም እንደ አካኪ ቀጥ አድርጎ አይጽፍም፤ ያጋድለዋል። ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ ደራሲው አልጻፈም።