ረድፉ ዙሪያ፣ ዓምዱ ቁመት

ሁለት ተለዋዋጭ ያለውን ፈንክሽን በሠንጠረዥ ማውጣት ዛሬ የአንድ መስመር ሥራ ነው። እንደ ኦክታቭና ማትላብ ያሉ የሒሳብ ሶፍትዌሮች ረድፉና ዓምዱ ከተነገራቸው መቶውንም ሺውንም ሴል በቅጽበት ሞልተው ይሰጣሉ። ኤክሴልም ቢሆን ቀመሩን አንዴ ጽፎ ወደ ታችና ወደ ጎን መጎተት ነው። ተማሪዎቼ ሴሉ ሲሞላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። የእኔ ትግል ግን ከመሙላቱ በፊትና በኋላ ነው፦ ምን በረድፍ ይሁን፣ ስንት በስንት ይራመድ፣ የትኛው ሴል ባዶ ይቅር፣ አንባቢው ወረቀቱን የት ቆሞ ነው የሚያየው። ይህንን በደንብ ያስተማረኝ ባሕር ዛፍ ነው።

ከአዲስ ዓለም ተነሥቶ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ እስከ ጌዶ የተጓዘ ሰው መንገዱ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ መሆኑን ያውቃል። ታሪኩም ከዚሁ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ባጠራት ጊዜ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ አዲስ አበባን ከመዛወር አዳናት፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ በአካባቢው ያለ ገበሬ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ፣ ሰርግ ሲደርስ ወይም ቤት ቆርቆሮ ሲፈልግ የሚሸጠው ባሕር ዛፉን ነው። የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ እንደቆመ ነው። ነጋዴው ከደላላ ጋር ይመጣል፣ ዳር ዳሩን ይዞራል፣ በዓይኑ ገምቶ ዋጋ ይጠራል። የነጋዴው ዓይን ለዓመታት የሠለጠነ ነው፤ ገበሬው ግን የሚሸጠው በየአምስት በየሰባት ዓመቱ፣ ጉቶው ዳግም አቆጥቁጦ ሲደርስ ብቻ ነው። የቆመን ዛፍ የእንጨት መጠን የሚነግረው ሠንጠረዤ የተሠራው ለእርሱ ነው።

ቀመሩ ቀላል ነው። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ደረት አካባቢ ማለት ነው፣ የግንዱ ዙሪያ ይለካል። ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ ለ12.566 ሲካፈል የግንዱ ክብ ስፋት ይገኛል። ያ በቁመት ይባዛል። ግንድ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ቱቦ ስላልሆነ ውጤቱ በአንድ የቅርጽ ቁጥር ይቀነሳል። ዙሪያው ከግርጌው ቢለካ ኖሮ ለፍጹም ኮን ቁጥሩ አንድ ሦስተኛ፣ ለፍጹም ቱቦ አንድ ይሆን ነበር። እኔ 0.45 ይዤ ሠራሁ። ዙሪያው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ ዛፍ በዚህ ሒሳብ 0.193 ሜትር ኩብ ይወጣዋል።

የደን መጻሕፍት ረድፉን የሚያደርጉት ዲያሜትር ነው፤ ባለሙያው ግንዱን ግራና ቀኝ ይዞ የሚለካበት መሣሪያ በእጁ ስላለ። በገበሬው እጅ ያለው ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ እርሱም ከጠፋ ገመድ። ዲያሜትር በረድፍ ከተቀመጠ ሰውየው ጫካ ውስጥ ቆሞ ለ3.14 ያካፍል ማለት ነው፣ ያን ማካፈል ከቻለማ ሠንጠረዡ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ረድፉ ዙሪያ ሆነ። ለሶፍትዌሩ ልዩነት የለውም፣ የሰጡትን ያባዛል። የመጀመሪያው ዓምድ እጅ በቀጥታ የሚለካው ነገር ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ እርምጃው አለ። ብዙ ሰው ሁለቱንም ተለዋዋጭ በእኩል ክፍተት ይዘረጋል፤ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ዙሪያ በቀመሩ ውስጥ በራሱ ተባዝቷል፣ ቁመት ግን አልተባዛም። ረድፉ ከ30 ተነሥቶ 60 ላይ ቢዘልና አንባቢው 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ቢገጥመው፣ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። በ15 ሜትር ቁመት ለመቶ ዛፍ 4.8ና 19.3 ሜትር ኩብ ናቸው፤ መካከላቸው 12.1 ይመጣል። ትክክለኛው ግን 10.9 ነው። ከመቶ ዐሥራ አንድ እጅ ጭማሪ፣ ያውም ማንም ሳይዋሽ። ክፍተቱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በዚያው ቁመት ይህ ስሕተት ለመቶ ዛፍ ወደ 0.03 ሜትር ኩብ ይወርዳል። በቁመት በኩል ግን መካከለኛውን መውሰድ ምንም ስሕተት አያመጣም፤ 10 ሜትርና 20 ሜትር ብቻ ቢጻፉ እንኳን 15ቱ በትክክል መሐላቸው ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዙሪያውን አጠጋጋሁት፣ ቁመቱን አራራቅሁት። ቁመትን በዱላና በጥላ ከሚለካ ሰው ደግሞ ከአንድ ሜትር ያነሰ ጥራት መጠበቅም ግፍ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንግባ። ኦክታቭ ውስጥ ሜሽግሪድ የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ሁለት የቁጥር ዝርዝር ተቀብሎ ወደ ሁለት ማትሪክስ ይዘረጋቸዋል። የሚያሳስተው አንድ ጠባይ አለው፦ መጀመሪያ የተሰጠውን ዝርዝር የሚዘረጋው ወደ ጎን ነው፣ ሁለተኛውን ወደ ታች። ዙሪያን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ዙሪያው በዓምድ ላይ ተኝቶ ያገኘዋል። ሳያስተውል ዳር ላይ ዙሪያ፣ አናት ላይ ቁመት ብሎ ርእስ ከሰጠ ሠንጠረዡ ተገልብጧል። እንበል 9 ዙሪያ አለ፣ ከ20 ጀምሮ በ5 በ5፤ 9 ቁመትም አለ፣ ከ6 ጀምሮ በ2 በ2። ዙሪያው 50፣ ቁመቱ 10 የሆነው ሴል ለመቶ ዛፍ 8.95 ሜትር ኩብ ማለት ነበረበት፤ በተገለበጠው ላይ ግን የሚነበበው ዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 18 ሜትር የሆነው ዛፍ ቁጥር ነው፣ 5.80። ቁጥሩ እብደት የለበትም፤ ዛፍ ይመስላል። ገበሬው ግን ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጥ እንጨት በነፃ ሰጠ።

ሁለተኛው ወጥመድ ነጥብ ነው። በኦክታቭና በማትላብ ከማባዣውና ከኃይሉ ምልክት በፊት ነጥብ ካልተቀመጠ ማሽኑ ሴል ለሴል አያባዛም፤ እንደ ማትሪክስ ያባዛል። ረድፍና ዓምድ በቁጥር እኩል ከሆኑ ያለ አንዳች ቅሬታ ያባዛና የማይረባ ቁጥር ይደረድራል። እኩል ካልሆኑ ግን ወዲያው ስሕተት ብሎ ይቆማል። ከዚህ የተነሣ የያዝኩት ልማድ አለኝ፦ ሠንጠረዥ ስሞክር ረድፉና ዓምዱ በቁጥር እንዲበላለጡ አደርጋለሁ። 17 ረድፍና 11 ዓምድ ካለኝ የተገለበጠውን ርእስ መለጠፍ ራሱ አይቻልም፣ የተረሳው ነጥብም ይጮኻል። እንደ ካሬ እኩል የሆነ ሠንጠረዥ ሁለቱንም ጥፋት ይደብቃል።

ኤክሴል ላይ ለሚሠራ ደግሞ ጉዳዩ የዶላር ምልክት ነው። ዙሪያው ያለበትን ሴል ሲጠራ ዶላሩ ከዓምዱ ፊደል በፊት፣ ቁመቱ ያለበትን ሲጠራ ከረድፉ ቁጥር በፊት ይቀመጣል። አንዱ ከተረሳ ቀመሩ ሲጎተት ከርእሱ ላይ እየተንሸራተተ አጠገቡ ያለውን ሴል ማባዛት ይጀምራል። የቢሮ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሆኖም ሁለቱንም ቦታ በዶላር አስሮ ሠንጠረዡ በሙሉ አንድ ቁጥር ሲሆንበት የሚደነግጥም አይቻለሁ።

ከሞላ በኋላ አራቱን ማዕዘንና አንድ መሐል ሴል በእጅ ሒሳብ እፈትሻለሁ። ከዚያ ማጥፋት እጀምራለሁ። ዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 22 ሜትር የሆነ ዛፍ ለሶፍትዌሩ መቶው 3.15 ሜትር ኩብ ነው፤ ጫካ ውስጥ ግን እንደ ክንድ የቀጠነ ግንድ 22 ሜትር አይቆምም፣ ቢቆምም ንፋስ ይጥለዋል። በተቃራኒው ጥግ ዙሪያው ወፍሮ ቁመቱ 6 ሜትር ብቻ የሆነው አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ነው፤ የቅርጽ ቁጥሩም ለእርሱ አይሠራም። እነዚህን ሴሎች ናን በሚባለው የ«ቁጥር አይደለም» ምልክት እተካቸዋለሁ፣ በኅትመትም ባዶ አድርጌ አወጣቸዋለሁ። ባዶ ሴል ያየ ሰው ልኬቱን ደግሞ ይወስዳል፤ ቁጥር ያየ ግን ቁጥሩን ያምናል። ሙሉ ሠንጠረዥ የሚወድ የሥራ ባልደረባ ሁልጊዜ ይህንን ይሞግተኛል፤ እኔ ግን አልለወጥም።

ለመቶ ዛፍ እያልኩ የማወራውም በምክንያት ነው። 20 ሳንቲ ሜትርና 6 ሜትር የሆነ ዛፍ ብቻውን 0.0086 ሜትር ኩብ ነው። በሦስት አሃዝ ሲጠጋጋ 0.009 ይሆናል፣ አምስት ከመቶ ገደማ ከምንም ተነሥቶ ተጨመረ። በመቶ ሲጻፍ 0.86 ነው፣ ምንም አልጠፋም። ደግሞም ቀጭን እንጨት በመቶ ይቆጠራል እንጂ በነጠላ ማን ይገዛል? የመጀመሪያውን ቅጂ ያሳየኋቸው አንድ አዛውንት ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «መምህር፣ ይሄ ቁጥር የዛፉ ነው ወይስ የብሩ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ «የመቶ ዛፍ እንጨት በሜትር ኩብ» የሚለውን አናቱ ላይ በትልቁ ጻፍኩ።

አናት ላይ መጻፍ ያለበት ሌላም አለ፤ ሠንጠረዡ ቋሚ አድርጎ የደበቀው ሦስተኛው ነገር። የእኔ 0.45 በደጋው ላለው ነጭ ባሕር ዛፍ የተያዘ ነው። ወደ ባኮ ሲወረድ ቀይ ባሕር ዛፍ ይመጣል፣ ቅርጹ ሌላ ነው። በጊንጪ አጠገብ ባለው የጭልሞ ደን ያሉት ጽድና ዝግባ ደግሞ ጨርሶ አይመለከቱትም። የፊንላንድ የደን ባለሙያዎቹ ፖህዮነንና ፑካላ በኢትዮጵያ ስላለው ነጭ ባሕር ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ጥናት አሳትመዋል፤ ይህን ሥራ በቁም ነገር የሚይዝ ሰው ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

የተደበቀ ሦስተኛ ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳየኝ ግን የእርጥበት ሠንጠረዥ ነው። ሁለት ቴርሞሜትር አለ፣ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፤ ከሁለቱ ንባብ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ይወጣል። ከውጭ ታትሞ የሚመጣው ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው፣ የአየር ግፊቱን 101.3 ኪሎ ፓስካል አድርጎ። አምቦ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፣ ግፊቱም ከ78 እስከ 79 ኪሎ ፓስካል ነው። ደረቁ 24፣ እርጥቡ 16 ዲግሪ ሲያሳዩ የውጭው ሠንጠረዥ 43 ከመቶ ይላል። ግፊቱን ለአምቦ አስተካክሎ የሠራው 47 ይላል፣ ለባኮ 46። ሶፍትዌር ለእኛ ያመጣው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ የሌላ አገር ሠንጠረዥ ከመዋስ የራስን ከተማ ሠንጠረዥ በአንድ ከሰዓት ማውጣት። ግን ከፍታው አናቱ ላይ ካልተጻፈ የእኛውም ነገ ሌላ ቦታ ሄዶ ያሳስታል።

በነገራችን ላይ ረድፍና ዓምድ ያለው ሁሉ ሁለት ተለዋዋጭ አለው ማለት አይደለም። በመማሪያ መጽሐፍ ጀርባ ያለው የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ነው፣ ቦታ ለመቆጠብ የታጠፈ፤ ዓምዱ የዚያው ቁጥር ቀጣይ አሃዝ ነው። ተማሪ ይህን ካልለየ ሁለቱን ርእሶች ለየብቻ ማንበብ ይጀምራል።

ወደ ባሕር ዛፉ ሠንጠረዥ ስመለስ፣ ነጋዴዎቹ ሲያዩት የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው። ሜትር ኩብ አይገዙም፤ አጠና፣ ቋሚ፣ ወራጅ፣ ማገር ነው የሚገዙት። ሴሉ ውስጥ ቁጥር ሳይሆን ስም እንዲገባ ፈለጉ፦ ይህ ዙሪያና ይህ ቁመት ያለው ዛፍ ምን ምን ይወጣዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፣ ግን እንጨቱ የሚመደበው በደረት ዙሪያው ሳይሆን በቀጭኑ ጫፉ ነው። ስለዚህ ግንዱ ወደ ላይ ሲሄድ እንዴት እንደሚቀጥን ማወቅ ግድ ሆነ፣ ተለዋዋጮቹም ሦስት ሆኑ፤ የደረት ዙሪያ፣ ጠቅላላ ቁመት፣ ከመሬት ያለው ከፍታ። ወረቀት ሁለቱን ብቻ ስለሚይዝ ጠቅላላ ቁመትን የገጹ ርእስ አደረግሁት፤ ለእያንዳንዱ ቁመት አንድ ገጽ። አሁን የያዝኩት የ18 ሜትሩን ገጽ ነው። ልኬቱን የምወስደው ዛፉ ተቆርጦ በወደቀበት፣ በየሁለት ሜትሩ ዙሪያውን እየለካሁ ነው። ያስቸገረኝ ቅርፊቱ ነው፤ ነጋዴው የሚገዛው ተልጦ፣ ገበሬው የሚለካው ከነቅርፊቱ፣ የቅርፊቱ ውፍረት ደግሞ ግርጌና ጫፍ ላይ አንድ አይደለም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ግንዱን ከመላጣቸው በፊት አንዴ፣ ከላጡ በኋላ አንዴ እለካለሁ።