«አገር» ስለሚለው ቃልና ስለ አጠቃቀሙ

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ሥፍራ የተገናኙ እንደሆነ፣ ሰላምታ ከተለዋወጡና ስለ ጤና ከተጠያየቁ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጥያቄ «አገርዎ የት ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ተጠያቂውም ብዙ ሳያስብ ይመልሳል። ነገር ግን ከአፋችን የማይለየውን ይህን ቃል ጠጋ ብለን ብንመረምረው፣ በሚገባ ሳንይዘው የምንሠራበት መሆኑን እንረዳለን።

ከሥሩ እንጀምር። በግዕዝ «ሀገር» ማለት ከተማ ማለት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቤተ ልሔም በግዕዙ «ሀገረ ዳዊት» ስትባል፣ በአማርኛው ግን «የዳዊት ከተማ» ተብላለች። «ከተማ» ደግሞ በአማርኛ ቀድሞ ንጉሥ ወይም ጦር የሚሰፍርበት ቦታ ነበረ። ዛሬ ነገሩ ተገላብጦ፣ የአዲስ አበባ ሰው «እገሌ አገር ቤት ሄደ» ሲል ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር መሄዱን መናገሩ ነው። የከተማ መጠሪያ የነበረው ቃል የገጠር መጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

ስፋቱም እንደ ተናጋሪው ነው። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የሚለው ተረት አገር ሲል አንድ አካባቢን መናገሩ ነው። ዓባይን ተሻግሮ ለሥራ የሄደ ገበሬም «ሰው አገር ነኝ» ይል ነበር። ሆኖም በ1927 ዓ.ም. የጠላት ጦር በተቃረበ ጊዜ «የአገር ፍቅር ማኅበር» ሲቋቋም፣ አገር የተባለችው መላዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ዛሬም በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖሩ ወገኖቻችን «አገር ቤት» ሲሉ ኢትዮጵያን ሁሉ ማለታቸው ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ሰው፣ በከተማው ሳለ ሌላውን «የአገር ቤት ሰው» ይል የነበረው፣ ባሕር ሲሻገር ራሱ የአገር ቤት ሰው ይሆናል።

ቃሉ እንዲህ መስፋቱና መጥበቡ የቋንቋ ሀብት ነውና አይነቀፍም። የሚነቀፈው የእኛ አጠቃቀም ነው።

አንደኛው ጥፋታችን «ባላገር» በሚለው ላይ ያደረስነው ነው። ቃሉ «ባለ አገር» ማለት ነው፤ ባለቤት፣ ባለርስት እንደምንለው። የከተማ ሰው ግን ሥርዓት የማያውቅ ለሚመስለው ሰው መስደቢያ አደረገው። በገበሬው እህል እያደሩ አገር ያለው መሆኑን እንደ ነውር መቁጠር ራስን መስደብ ነው።

ሁለተኛው ግን ይብሳል። አንድ ወጣት «አገሬ አዲስ አበባ ነው» ብሎ በእውነት ሲመልስ፣ ጠያቂው አልረካ ብሎ «እሱስ ይሁን፤ የአባትህ አገርስ?» ይለዋል። ለዝምድናና ለወግ የተጠየቀ እንደሆነ ክፋት የለውም። ነገር ግን ሰውዬውን ለመቅረብ ወይም ለመራቅ መለኪያ እንዲሆን የተጠየቀ እንደሆነ፣ ጥያቄው ስለ ሥፍራ መሆኑ ቀርቶ ስለ ዘር ሆኗል። አገር የሚለው ቃል ተወልደን ያደግንበትን መሬት፣ ውሃውንና ጎረቤቱን የሚያስታውስ ሆኖ ሳለ፣ የሰው ማበጠሪያ ወንፊት ማድረግ ቃሉንም ሰውንም መበደል ነው።

በመሥሪያ ቤት ሥራም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አገር» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ቅጽ ቢቀርብ፣ አንዱ «ኢትዮጵያ»፣ ሌላው «ደብረ ማርቆስ»፣ ሦስተኛው የአያቱን ቀበሌ ቢጽፍ ስሕተቱ የሞላው ሰው ሳይሆን የቅጹ ነው። የተወለዱበትን ሥፍራ የፈለገ «የትውልድ ሥፍራ» ይበል፤ ዜግነትን የፈለገም «ዜግነት» ብሎ ይጻፍ።

መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ መልካም ነው። አንድ ሰው መንዝን ወይም ጅማን «አገሬ» ቢል ኢትዮጵያን አላሳነሳትም፤ ኢትዮጵያን «አገሬ» ቢልም ቀዬውን አልካደም። ሁለቱን ባንድ ቃል እንድንጠራ ያደረገን ቋንቋችን፣ አንዱን ወደን ሌላውን እንድንጠላ አላስተማረንም። እንግዲህ «አገርዎ የት ነው?» ብለን ስንጠይቅ፣ የተሰጠንን መልስ አምነን ለመቀበል ተዘጋጅተን ይሁን።